አባቴ የተወራረደበት ድልድይ

መጽሐፉ ሽፋን የለውም። ርዕሱና የደራሲው ስም ያለበት ቅጠልም አብሮ ተገንጥሎ ሄዷል። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው አንድ አዟሪ «እህቴ፣ ይሄን ማንም አልወስድም ብሎኝ ነው፤ አንቺ ግን የምታነቢ ትመስያለሽ» ብሎ እጄ ላይ ያስቀመጠልኝ። ቤት ይዤው ስገባ አባቴ በመዳፉ ዳበሰው፣ አገላበጠው፣ አሸተተው ሁሉ። ከዚያ «ይሄማ ታርጋ የሌለው መኪና ነው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ታርጋ የለሹ ሆኖ ቀረ።

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ የከተማ አውቶብስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ስኳሩ ዓይኑን እያደከመበት መጣና መጨረሻ ላይ እኔንም የሚለየኝ በድምፄ ሆነ። እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስላረፈች የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምንኖረው እኔና እሱ ብቻ ነበርን። እኔ መሀል ከተማ ቢሮ እሠራለሁ። የካ አባዶ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ጠዋት ሰልፍ፣ ማታ ሰልፍ፣ በመሀል ትንሽ ሥራ። ደረጃውን ጨርሼ ስገባ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ «ታርጋ የለሹን አምጪው» ይለኛል። «አባዬ፣ ውሃ ልጠጣ እንጂ!» ስለው «ጠጪ፣ ማን ከለከለሽ? እያነበብሽ ጠጪ» ይላል።

ሶፋው ላይ እሱ በቀኝ፣ እኔ በግራ እንቀመጣለን። የማነበው እኔ ብሆንም የሚነዳው እሱ ነበር። ነገሩ ሲጥመው «ፍሬን ያዢ!» ይላል፤ ቁሚና ያንን ቦታ መልሰሽ አንብቢልኝ ማለቱ ነው። ደራሲው ስለ ተራራና ስለ ደመና ማብዛት ሲጀምር ደግሞ «ማርሽ ቀይሪ፣ ማርሽ ቀይሪ» እያለ በእጁ አየር ላይ ማርሽ ይቀይራል። ሲስቅ ሆዱ ይንቀጠቀጣል፣ ሶፋውም አብሮት። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። «እንዲህ ካቋረጥከኝ በጋው ያልቃል እንጂ መጽሐፉ አያልቅም!» እለዋለሁ። «ምን ያስቸኩልሻል? ተሳፋሪ አልጫንሽ» ይለኛል።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ገጠር ውስጥ አንድ አናጢ አለ። ወንዝ ሞልቶ ልጁን ይወስድበታል። ሰውየው ከለቅሶው ሲነሳ በዚያ ወንዝ ላይ ድልድይ ሳልሠራ አላርፍም ብሎ ማለ። አገሬው ሳቀበት። ሹሙ ከለከለው። እንጨት የሚያግዘው አንድ ሰው ጠፋ። እሱ ግን ዛፍ እየቆረጠ፣ ትከሻው እየተላጠ፣ ምሰሶ እያቆመ ቀጠለ። መጽሐፉን ካጋመስነው በኋላ እኔና አባዬ ተወራረድን። ድልድዩ ክረምቱን ይችለዋል ወይስ አይችለውም?

«ይቆማል» አለ እሱ።

«ይፈርሳል» አልኩ እኔ። «ልጁን የበላ ወንዝ ለእንጨት ይራራል?»

«አንቺ ደግሞ ወንዝ የት ታውቂያለሽ? እኔ የቀበና ልጅ ነኝ!»

እውነቱን ነው፣ ቀበና ወንዝ ዳር ነው ያደገው። ትምህርት ቤት ሲሄድ የሚሻገርበትን የእንጨት መሸጋገሪያ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ከእንጦጦ ወርዶ ይጠርገው ነበር። መስከረም ሲጠባ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ መልሶ ይሠራዋል። «ታዲያ ይሄ የኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው፤ ፈረሰ እኮ!» ስለው «ምን ዓይነት ጆሮ ነው ያለሽ? ተሠራ ነው የምልሽ!» ብሎ ጮኸብኝ።

የውርርዱ ቅጣት ቀላል አልነበረም። እሱ ከተሸነፈ ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣል፤ ሐኪሙም እኔም ለምነን ለምነን እምቢ ያለው ነገር ነው። እኔ ከተሸነፍኩ ደግሞ ከቀበና ተነስቼ እንጦጦ አናት ድረስ በእግሬ እወጣለሁ። እኔን የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አራተኛ ፎቅ መውጣት ራሱ ለኔ ዳገት ነው፤ በየፎቁ ቆሜ ስልክ የማይ እየመሰልኩ ነው የማርፈው። አባዬ ደግሞ ይሄን አሳምሮ ያውቃል፤ ቅጣቱን የመረጠውም አውቆ ነው።

የመጨረሻው ምዕራፍ ጫፍ ላይ ስንደርስ ድልድዩ ተሠርቶ አልቋል፣ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ከወንዙ ላይኛው በኩል የጎርፍ ድምፅ ይሰማል። ገጹን ልገልጥ ስል አባዬ እጄን ያዘኝ። «ፍሬን ያዢ። ጣፋጭ ነገር ለነገ ይቀመጣል» አለ። ከሥራ ዘመኑ የተረፈች አንዲት የአውቶብስ ትኬት ነበረችው። እሷን በጣቱ እየዳበሰ ራሱ መሀሉ ላይ አስገባና መጽሐፉን ዘጋው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ሳለሁ ስልክ ተደወለልኝ። ልቡ ቆሞ ነው። ሶፋው ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ እንደተቀመጠ ነው ጎረቤቶች ያገኙት።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚወጣው ዕቃ ነው። እኔ ገና ወለሉ ላይ ወድቄ ስጮህ ጎረቤቶቼ ሳሎኔን ባዶ አድርገውት ነበር። ለቀስተኛው የት ይቀመጥ? ሶፋው ወደ አንዱ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ወደ ሌላው፣ መደርደሪያው ወደ ሦስተኛው ተሸኘ። በምትኩ የእድሩ አግዳሚ ገባ፣ ለኔም ግድግዳ ሥር ፍራሽ ተነጠፈ። የኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው የሰው ቤት ተሸክሞ ይወጣል፣ ለቅሶው ሲበተን ደግሞ ተሸክሞ ይመልሳል። እግዜር ይስጠው። ክፋቱ፣ በዚያ ጥድፊያ መሀል ማን ምን ወዴት እንደወሰደ የሚያስታውስ አንድ ሰው አይገኝም።

የቤተ ክርስቲያኔ ሰዎች መጥተው ዘመሩ። አባዬ ያሠለጠናቸው ሾፌሮች መጥተው እንደ ልጅ አለቀሱ። ሁሉም ሲገባ «ያጽናሽ»፣ ሲወጣ «ያጽናሽ» ይለኛል። አዎ፣ ደግ ቃል ነው፣ አውቃለሁ። ግን ስንት ጊዜ ይሰማል? አንዷ ደግሞ «ሞት እኮ አዲስ ነገር አይደለም» አለችኝ። ለኔ አዲስ ነው! ልላት ፈልጌ አፌን ያዝኩ። ውስጤ ተቆጥቶ ነበር። በማን እንደተቆጣ ግን አላውቅም፤ በሞትም፣ በስልኩም፣ ባልጨረስነው ምዕራፍም።

ለቅሶው ተበተነ፣ ዕቃው ተመለሰ፣ ሶፋው ቦታውን ያዘ። ታርጋ የለሹ ግን የለም። ትራሱን አነሳሁ፣ ከሶፋው ሥር ተንበርክኬ አየሁ፣ መደርደሪያውን ከግድግዳው አላቅቄ ከኋላው ፈተሽኩ። የለም።

እትዬ ገና አልሄዱም ነበር። እትዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። እሱ «እትዬ» እያለ በአንቱታ ስለሚጠራቸው እኔም በዚያው ቀጠልኩ። እሳቸው ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ፤ አባዬ በመሀላችን ቆሞ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስተናግደን ነው የኖረው።

«ምን ጠፍቶሽ ነው እንዲህ የምትታመሺው?» አሉኝ።

«መጽሐፍ ነው እትዬ።»

«የምን መጽሐፍ?»

«ልብ ወለድ ነው። ለአባዬ የማነብለት።»

«በሞትኩት!» ብለው ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ሰበሰቡ። «አባትሽን አፈር አልብሰሽ ልብ ወለድ? ሐዘንተኛ ጸሎት ያደርሳል እንጂ ተረት ያነባል? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን ጨርሷል እትዬ! ‘ያጽናሽ’ ብሎኝ ወደ ቤቱ ሄዷል!»

እንዲህ ብዬ ለታላቅ መመለስ አይገባኝም፤ ግን ወጣ። እትዬ ጫማቸውን አድርገው፣ ግንባሬን ስመው፣ ቀበና ወደሚገኘው ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ መደወሉን ተዉት።

እኔ የምፈልገው ተረት አልነበረም፤ ለእትዬ ላስረዳቸው አልቻልኩም እንጂ። አባዬ ውርርዱን ማሸነፍ መሸነፉን ሳያውቅ ነው የሄደው። ሌላ መጽሐፍ ስከፍት ፊደሉ ፊደል ብቻ ሆኖ ይታየኛል፣ አንድ ገጽ አንብቤ ምን እንዳነበብኩ አላውቅም። ታርጋ የለሹን እንዳልተካው ርዕሱን አላውቀው፣ ደራሲውን አላውቀው፣ የትኛው መጽሐፍ ቤት ገብቼ ምን ብዬ ልጠይቅ? «ሽፋን የሌለው ነበረኝ፣ ሽፋን ያለውን ስጡኝ» ልበል? የቀረኝ ደጅ ማንኳኳት ብቻ ነበር።

ሶፋው ያረፈው ምድር ቤት ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ዘንድ እንደነበረ ሰማሁ። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «መጽሐፍ» ስላት ፊቷ ተቀያየረ።

«ውይ! ትራሱ ውስጥ ተሰንቅሮ አገኘሁት» አለች። «ላመጣልሽ ደረጃው ድረስ ደርሼ ነበር። ኋላ ሐዘን ላይ ላለች ልጅ ልብ ወለድ ይዞ መሄድ ነውር ነው ብዬ ተመለስኩ።»

«ታዲያ የት አለ?»

«እስቲ ትንሽ ልየው ብዬ… ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እስኪመጣ… ከዚያ ጨረስኩት» አለችና ሳቋን በእጇ ሸፈነች። «ያንቺ በር ፊት ለፊት ላለው አካውንታንት ሰጠሁት። እሱ ቅርብ ስለሆነ ይመልስልሻል ብዬ!»

አካውንታንቱ በሩን ሲከፍትልኝ የተያዘ ሌባ ይመስል ነበር። እሱም ሊመልስልኝ ፈልጎ ነበር። እሱም ነውር መስሎት ነበር። እሱም «እስቲ ትንሽ ልየው» ብሎ ነበር። ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ላለችው ነፍሰ ጡር፣ ሐኪም ከአልጋ አትውረጂ ላላት ልጅ፣ ሰጣት። «እሷ ትመልስልሻለች ብዬ ነው» አለ። እኔ ለመጽናናት ስታገል ብሎኩ በሙሉ በአባቴ መጽሐፍ ሲዝናና ከርሟል! ደረጃውን የወረድኩት እንጣጥ እያልኩ ነው።

ነፍሰ ጡሯ ልጅ ግን ንዴቴን ገና በር ላይ አበረደችው። መጽሐፉን ከትራሷ ሥር አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ስከፍተው መሀሉ ላይ አንድ የክብሪት እንጨት አለ፤ የባለ ሱቋ ነው። አለፍ ብሎ አንድ አግራፍ፤ የአካውንታንቱ። ወደ መጨረሻው አንድ የፀጉር ማስያዣ፤ የልጅቷ። አባዬ ያስገባት ትኬት ግን ራሱ ካስገባበት ገጽ አንዲት ጣት አልተንቀሳቀሰችም።

«ትኬቷን ማናችንም አልነካናትም» አለችኝ። «የሳቸው ቦታ መሆኑ ገብቶናል።»

እዚያው በሯ ላይ አለቀስኩ። በለቅሶው ሁሉ እንዲህ አላለቀስኩም። እሷም አብራኝ አለቀሰች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ «ውይ፣ መጨረሻው ላይ እኮ…» ብላ ስትጀምር ሁለቱን ጆሮዎቼን በጣቶቼ ደፍኜ በሙሉ ድምፄ መዝሙር ጀመርኩ። ባለ ሱቋም አካውንታንቱም ጩኸት ሰምተው መጡ። ደረጃው ላይ ቆሜ ስለ ውርርዱ ነገርኳቸው። ስለ ሻዩም፣ ስለ እንጦጦውም። ሦስቱም ተያዩ። ሦስቱም ያውቃሉ! በዓለም ላይ መጨረሻውን የማናውቀው እኔና አባዬ ብቻ ነን። «አንድ ቃል ትንፍሽ ያለ ሰው እድሩ ይፍረድበት!» አልኳቸው።

ቤቴ ገብቼ በግራ በኩል ተቀመጥኩና ትኬቷ ያለችበትን ገጽ ከፈትኩ። ማንበብ ግን አቃተኝ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ይፈርሳል ብዬ የተወራረድኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ብወጣ ብወርድ የምፈልገው እንዲቆም ነው። ድልድዩ ከፈረሰ አባዬ ዳግመኛ የሞተ ያህል ነው ለኔ፤ ያ አጉል እልኸኝነቱ፣ ያ «ተሠራ ነው የምልሽ» ያለው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልሸነፍ ብዬ ጸለይኩ። ገጹን ለመግለጥ ግን እጄ ፈራ።

አባዬ ስለ መኪና አንድ ነገር ይል ነበር። ባትሪው የሞተ መኪና ባለበት አይነሳም፣ ቁልቁለቱ ላይ ወስደው ነው የሚያስነሱት። እኔም መጽሐፉን ዘግቼ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩት።

በታክሲ ውስጥ ነው ያነበብኩት፣ ጠዋት ወደ መገናኛ ስወርድ፣ ማታ ስመለስ። ከጥቂት ገጾች በኋላ አንድ ነገር ሆነ። አናጢው ከሹሙ ጋር የሚሰዳደብበት ቦታ ላይ ስደርስ «ፍሬን ያዢ!» ሲለኝ ሰማሁት። በጆሮዬ ማለቴ አይደለም፣ አላበድኩም። ግን ያ ቦታ እሱ የሳቀበት ቦታ ነው፤ ሳቁ እዚያ መስመር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ነበር። ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ «ይሄ ሹም የኛን ስምሪት ክፍል ኃላፊ አይመስልሽም?» ያለበት አለ። የደመናው ገለጻ ጋ ስደርስ «ማርሽ ቀይሪ»። ሙሉ መጽሐፉ ውስጥ አባዬ የሌለበት ገጽ የለም። እየሳቅኩ አለቀስኩ። ወሰን ጋ ጋራዦቹ ፊት መንገድ ተዘጋግቶ ስንቆም አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ምነው ልጄ፣ ደኅና ነሽ?» አሉኝ። «ደኅና ነኝ እማማ፣ አባቴ አስቆኝ ነው» አልኳቸው። ስልክ ላይ እንደሆንኩ መስሏቸው አንገታቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ በኋላ ሰልፉ ራሱ አጠረብኝ። «መገናኛ፣ መጨረሻ!» እያለ ረዳቱ ሲጮህ እኔ ገና ወንዙ ዳር ነኝ። ሌሊቱን ደህና መተኛት ጀመርኩ። ምግብ ጣመኝ። ሰው «ያጽናሽ» ሲለኝም «አሜን» ማለት ቻልኩ፣ ከልቤ። የሞተብኝን ሰው የሚያስረሳኝ ነገር አልነበረም የምፈልገው ለካ፤ ቁጭ ብዬ አብሬው የምሆንበት ቦታ ነበር። ያንን ቦታ አንድ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ሰጠኝ፣ ማን እንደጻፈው እንኳ አላውቅም፣ እጁ ይባረክ።

ብሎኩ ግን ፋታ አልሰጠኝም። ደረጃ ላይ «እንደምን ዋልሽ» ቀርቶ «የት ደረስሽ?» ሆነ ሰላምታው። ባለ ሱቋ ዳቦ እየጠቀለለችልኝ «ምሰሶውን አቁሟል?» ትለኛለች። «ሁለተኛውን» ስላት ከንፈሯን ጥርቅም አድርጋ ትነክሳለች። ማን ምን ወጥ እንደሠራ አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚወራበት ብሎክ ነው። ያንን ምስጢር ግን እንዴት እንደጠበቁልኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ትኬቷ ጋ ደረስኩ። ሶፋው ላይ በግራ ተቀመጥኩ። በሩን ለአየር ብዬ ገርበብ አድርጌው ነበር። ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ ባለ ሱቋ «ሎሚ ይኖርሽ እንደሆን ብዬ» እያለች ብቅ አለች። ሱቅ ያላት ሴት ሎሚ ፍለጋ አራተኛ ፎቅ! አካውንታንቱ ደግሞ ቁልፉን ይዞ የራሱን በር የሚከፍት እየመሰለ ቆሟል። ነፍሰ ጡሯም ባሏ ደግፏት ደረጃውን ቀስ እያለች ወጣች፤ ሐኪሟ ፈቅዶላት ነበር። «ግቡ አቦ፣ ግቡ! ጉድ እኮ ናችሁ!» አልኳቸው። ወንበር እየሳቡ ተቀመጡ። በቀኝ በኩል ማንም አልተቀመጠም።

ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ጎርፉ ደረሰ። ግንድ ተሸክሞ፣ ድንጋይ እያንከባለለ መጣና የመጀመሪያውን ምሰሶ መታው። ድልድዩ ተንቀጠቀጠ። አናጢው ብቻውን ዝናብ ውስጥ ቆሞ ያያል። ከዚያ ከኋላው ኮቴ ሰማ። የሳቁበት ሰዎች ናቸው። የየቤታቸውን በር ነቅለው፣ በትከሻቸው ተሸክመው መጥተዋል። በሮቹን ከምሰሶው ፊት ደርድረው፣ በገመድ አስረው፣ ገመዱን ይዘው ውሃው እስኪጎድል ቆሙ። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ሳሎኔን ተሸክመው የወጡትን ጎረቤቶቼን ቀና ብዬ አየሁ፣ ድምፄም ተሰበረ። አካውንታንቱ «በርቺ፣ በርቺ» አለኝ፣ ቀጠልኩ። ነጋ። ሰማዩ ጠራ። አንዲት ልጅ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ድልድዩ ላይ ወጣች፣ መሀሉ ላይ ቆማ ታች ውሃውን አየች፣ ተሻገረች።

ድልድዩ ቆሟል!

«ተሸነፍኩ!» ብዬ ጮህኩ። «ተሸነፍኩ፣ ተሸነፍኩ!» ባለ ሱቋ ምን ነካት፣ ተነስታ እልል አለች። ሐዘን ቤት ውስጥ እልልታ! ከላይም ከታችም በር ሲከፈት ተሰማ። ሰው ምን ይል ይሆን ብዬ አንዴም አላሰብኩም። እኔም ተነስቼ አብሬያት እልል አልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቅጣቴን ልቀበል ወጣሁ። መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ባለ ሱቋ ሱቋን ዘግታ፣ አካውንታንቱ አዲስ ቱታ ለብሶ «ምስክር ያስፈልጋል» ብለው ተከተሉኝ። ጉዞው ከቀበና ስለሚጀምር በእትዬ ደጅ ማለፌ ግድ ነበር። ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«ወዴት ነው በጠዋቱ?» አሉ ኮስተር ብለው።

«እንጦጦ። በእግሬ።»

«አንቺ? በእግርሽ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ድልድዩም፣ ስለ ውርርዱም። ስጨርስ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ።

«እና እሱ ነው ያሸነፈው?»

«እሱ ነው።»

«እሰይ!» አሉ ጭናቸውን መትተው። «ያንን ያረጀ መሸጋገሪያ ድሮም ይቆማል ባይ እሱ ነበር። እናታችን ‘ዛሬስ ውሃው ይወስድሃል’ ስትለው በጎን ሾልኮ ይሄዳል።» ከዚያ ተነስተው ነጠላቸውን አጣፉና በትራቸውን ያዙ። «ማርያምን ልሳለም ነው የምወጣው። ላንቺ ብዬ አይደለም።»

በዚያ ዳገት ላይ ያሳፈሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ በየባሕር ዛፉ ሥር ስቆም እሳቸው በትራቸውን እያስቀደሙ ወደ ላይ ይላሉ። «ስልክሽን ነው የምታዪው?» ይሉኛል ዞር ብለው፤ አባዬ ነግሯቸው ኖሯል! ስፖርት የሚሠሩ ወጣቶች እየሮጡ አለፉን፣ እየሮጡ ተመልሰው አሁንም አለፉን። እግሬ ተቃጠለ፣ ትንፋሼ ተቆረጠ፣ ሁለት ጊዜ ታክሲ ሲያልፍ ልቤ ተከትሎት ሄደ። አልያዝኩም። አናቱ ላይ ስደርስ ከተማው በሙሉ ከታች ተዘርግቷል፣ አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የነዳበት መንገድ ሁሉ ከነመኪናው ይታያል። ባለ በሌለ ትንፋሼ ጮህኩ።

«አባዬ! አሸንፈሃል! ድልድዩ ቆሟል!»

ሯጮቹ ቆመው አዩኝ። አካውንታንቱ አጨበጨበ። ባለ ሱቋ የለመደች ናትና እልልታዋን አቀለጠችው።

እትዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጩኸቴ እስኪያልቅ ጠበቁኝ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«አምጪው እስቲ።»

«ምኑን እትዬ?»

«ያንን ልብ ወለድሽን ነዋ። አውጪና አንብቢልኝ፣ ከመጀመሪያው።»

«እትዬ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን ጨርሷል አላልሽኝም?»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ በግራ በኩል። ታርጋ የለሹን ከቦርሳዬ አወጣሁና የመጀመሪያውን ገጽ ማንበብ ጀመርኩ። አናጢው ልጁን ይዞ ወንዙ ዳር የሚወርድበት ነው። አምስት መስመር ያህል እንደሄድኩ እትዬ ዓይናቸውን ከከተማው ሳይነቅሉ እጃቸውን ክንዴ ላይ ጫኑ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉኝ። «ፍሬን ያዢ!»

ያዝኩ። ያንን ቦታ መልሼ አነበብኩላቸው።